ለአንድ ሰው የሚበቃ ጭድ

ትናንት ሌሊት፣ ደብረ ብርሃን ላይ የቲማቲም ችግኝ አፍልቶ የሚያድረው ወንዳፍራሽ ለጠላት የማይመኙትን ሕልም አየ። እስከ ጉልበቱ ድረስ የገዛ ጓሮው መደብ ውስጥ ተተክሏል። ከጎኑ ሚስቱ የሻረግ ተተክላለች። ጎረቤቱም ሁሉ በረድፍ በረድፍ ቆሟል። ቤት ውስጥ እሳት ይነዳል፣ ቲማቲሞቹ ዙሪያውን ተቀምጠው ይሞቃሉ። ወይ ጉድ!

ሰማዩ ጥርት ብሏል። የታኅሣሥ ሰማይ እንዲያ ሲጠራ ውርጭ እንደሚጥል ወንዳፍራሽ ያውቃል።

«የሻረግ፣ በረደሽ እንዴ?»

«ጣቶቼ የሉም መሰለኝ» አለች ቀስ ብላ።

በሩ ተከፈተና ቲማቲሞቹ ጭድ ታቅፈው ወጡ። እግር የላቸውም፤ ግን ይሄዳሉ። ሰዉን እየዳበሱ ለጋ ለጋውን ያለብሱ ጀመር። የዕድሩን ዳኛ ዳበሱና «ይኼስ እንጨት ሆኗል፣ ውርጭ አይደፍረውም» ብለው አለፉት። ዳኛው ወዲያው ጠቆረ፣ አንገቱም ዘንበል አለ። አንድም ሰው አላለቀሰም።

ባልና ሚስቱ ዘንድ ሲደርሱ የቀረችው አንዲት እቅፍ ጭድ ናት።

«ለአንድ ሰው ነው የምትበቃው» አለ ትልቁ ቲማቲም። «ማንን እናልብስ?»

የሻረግ ዞር ብላ ባሏን አየችው። ስንት ዘመን አብራው የኖረች ሴት ናት።

«እኔን!» አለ ወንዳፍራሽ። «እኔን! እኔን!»

ከራስ በላይ ነፋስ ነው መቼም። ጭዱ እስከ አንገቱ ሞቀው፤ ደስም አለው። አጠገቡ ግን አመዳዩ የሻረግ ፀጉር ላይ ሲያርፍ ይሰማዋል። ሊያያት ፈለገ፣ አንገቱ አልዞር አለው።

«የሻረግ?»

እንደገና ሊዞር ታገለ።

«የሻረግ!»

ጮኾ ባነነ። ነግቷል። ተመስገን፣ ሕልም ነው! እጁን ወደ ሚስቱ ቦታ ቢሰድ ባዶ ነው፤ አንሶላው ቀዝቅዟል። ነፍሱን ሳያውቅ ወደ ጓሮ ሮጠ።

የሻረግ በስስ ቀሚሷ ብቻ እየተንቀጠቀጠች መደቡ ዳር ቁጭ ብላለች። ግማሹ ችግኝ በእሷ ጋቢ ተሸፍኖ ተርፏል። ግማሹ ጠቁሮ መሬት ላይ ተኝቷል።

«ምነው ብርድ ልብሱን ብትወስጂ?» አላት እየተንተባተበ።

«መች አስወሰድከኝ? ብጎትት ብጎትት ሙጭጭ አልክብኝ» አለች ቀና ሳትል። «‹እኔን! እኔን!› ትላለህ።»