በጨርቅ የታሰረ ማሽላ

ልጄን ስለ እርሻ ካላስተማርኩ ብሎ የሚንጠራራ የከተማ አባት ካያችሁ ሽሹ! ሞፈርና ቀንበር የማይለይ ሰው ነው። አፌን ሞልቼ የምናገረው አንዱ እኔ ስለሆንኩ ነው።

የስድስት ዓመቷ ልጄ ሐያት ከትምህርት ቤት የቤት ሥራ ይዛ መጣች። «እንጀራ ከየት ይመጣል?» ይላል።

«እሺ፣ ከየት ይመጣል?» አልኳት።

«ከባጃጅ!»

እውነቷን ነው... እንጀራ የምትሸጥልን ሴትዮ በየማለዳው በባጃጅ ነው የምትልክልን። ሚስቴ በሳቅ ፈረሰች። እኔ ግን ደሜ ፈላ። የራያ ልጅ! የማሽላ አገር ልጅ! ቆቦ ላይ ተቀምጣ እንጀራ ባጃጅ ላይ ይበቅላል ትበለኝ? «ቅዳሜ ከአጎቴ ማሳ እወስድሻለሁ፤ አስተምርሻለሁ!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

«አንተ ራስህ ታውቀዋለህ?» አለች ሚስቴ። ኧረ እንዲህ ያለ ጥያቄ ለባል ይጠየቃል? አኩርፌ ወጣሁ።

ቅዳሜ ዋጃ ከሚኒባስ ወርደን ወደ አጎቴ ሰይድ ማሳ ገባን። ማሽላው ከእኔ ቁመት በላይ ነው። አጎቴ ማማው ላይ ሆነው በወንጭፍ ወፍ ይጠብቃሉ።

«እንኳን መጣችሁ! ይህን ወፍ ላባርርና ወርጄ አሳያታለሁ» አሉ።

አስተማሪው እኔ እያለሁ ማንን ልጠብቅ?

«ሐያትዬ፣ መጀመሪያ ጥንቅሽ ላቅምስሽ። እንደ ሸንኮራ የሚመጠጥ ጣፋጭ አገዳ ነው። ገበሬ በዓይኑ ይለየዋል።»

«አንተስ ትለየዋለህ?»

«ዓይኔን ጨፍኜ!»

ዋሸሁ። ለእኔ ሁሉም አገዳ አንድ ነው። ዞር ዞር ስል ግን አንዳንዱ አገዳ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሮ አየሁ። አሃ! አጎቴ እንደምንመጣ አውቀው ጥንቅሹን ምልክት አድርገውልኛል! አንዱን ቀጭ አደረግኩት። ሐያት ነክሳ ተፋችው። «ጣዕም የለውም!» ሌላውን ሰበርኩ። እሱም ያው... ሦስተኛውን፣ አራተኛውን... ጤነኛ ሰው ሲሳሳት ያቆማል፤ አዋቂ ነኝ ባይ ግን ልክ እስኪሆን ይሰብራል። ጨርቅ የታሰረበትን አንድ ሳላስቀር ስምንቱንም ጨረስኩት። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ማለት ይኼ ነው።

አጎቴ ወርደው መጡ። መሬት ላይ የተጋደመውን አገዳ ሲያዩ ወንጭፉ ከእጃቸው ወደቀ።

«ያ አላህ! ዘሬን! የከርሞ ዘሬን ጨረስከው?»

ለካ ከማሳው ሁሉ ፍሬ የያዘ ራሱ ያማረውን፣ ተባይ ያልነካውን መርጠው ለዘር ያሰሩት ኖሯል! ገና እሸት ነው፤ እሸት ደግሞ ለዘር አይሆንም። ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ!

«አጎቴ፣ ጥንቅሽ መስሎኝ...»

«ጥንቅሽ ጨርቅ ታስሮበት የት አይተሃል? አባትህ ይህን ሳያይ መሞቱ ደግ!» አሉና ወደ ሐያት ዞሩ። «ነይ ልጄ፣ አንቺ ተማሪ። እሱስ አልፎበታል።»

ቀዩን ጨርቅ ከአገዳው ጋር በጣጥሼዋለሁና ለአዲስ ዘር ማሰሪያ ሌላ ጨርቅ ፈለጉ። በዚህ ሙቀት ለጌጥ ብዬ የጠመጠምኩትን አዲስ ሻርፕ ከአንገቴ መንጭቀው ተረተሩት። (እናንተ ደግሞ አትሳቁ!) ሐያትን ትከሻቸው ላይ አውጥተው ማሳውን ይዞሩ ጀመር።

«ይኼ ራሱ ሙሉ ነው፣ እሰሪው። ያሰርነውን ማንም አይነካውም። ከርሞ የሚዘራው እሱ ነው፤ እንጀራሽ የሚመጣው ከዚህ ነው። የበለጠውንስ አባትሽ ጨርሶታል... ከተረፈው እንመርጣለን።»

ይቺ የመጨረሻዋ ቃል አንገበገበችኝ። ከኋላ ከኋላቸው እየተከተልኩ ልረዳቸው እጄን ዘርጋ ሳደርግ ሁለቱም በአንድ አፍ «አትንካ!» አሉኝ።

ሁሉም ታስሮ ሲያልቅ አንዲት ብጣሽ ተረፈች። ሐያት ማሽላውን አየች፣ እኔን አየች፤ ከአጎቴ ትከሻ ወርዳ መጣችና ሁለት እጄን አጋጥማ ማሰር ጀመረች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እንዳትነካ ነው።»

አጎቴ ጎንበስ ብለው ቋጠሮውን መረመሩና፣ «ጠበቅ አድርጊው ልጄ፣ ይላላል» አሉ።