የአመራሩ ድርሻ

ሥራ ሁለት ዓይነት ነው፤ የሚሠራ ሥራና የሚመራ ሥራ። የሚሠራውን ማንም ይሠራዋል። መምራት ግን ከላይ የሚሰጥ ጸጋ ስለሆነ ለጥቂቶች ብቻ ይደርሳል። ከነዚህ ጥቂቶች የሚበዙት፣ በምን ዕድል እንደሆነ እንጃ፣ ቆቦ ከተማ ዋናው መንገድ ዳር ባለ አንድ የሽንኩርትና የቲማቲም አምራቾች ዩኒየን ውስጥ ተሰብስበው ይገኛሉ። ዩኒየኑ መሪ ሞልቶታል። ተመሪው ግን አንድ ሰው ነው፤ የሒሳብ ሠራተኛው ኑሀ።

ኑሀ ሰላማዊ ሰው ነው። እግሩ ቆቦ ቢሆንም ኑሮውን ወደ አውስትራሊያ ካዛወረ ቆይቷል። ያ አገር የሒሳብ ባለሙያ እንደሚፈልግ፣ ለሚመጣውም የመኖሪያ ፈቃድ እንደሚሰጥ ካነበበ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት በስልኩ የሜልቦርንን የአየር ጠባይ ያያል። የቆቦ ፀሐይ አናት እየበሳች እሱ ጃኬት ይዞ ይወጣል። ባለቤቱ ራዊያም ለምዳዋለች። ሳሎናቸው ውስጥ ሶፋ የለም፤ «ልንሄድ ሶፋ ምን ይሠራልናል» እያሉ እንግዳ የሚያስቀምጡት በፕላስቲክ ወንበር ነው። ቤቱም ቀለም አልተቀባም። ልጅ መውለዱም እዚያው ይሻላል ተብሎ ቆይቷል። የራዊያ እናት ሶፋውንም ቀለሙንም ችለው ነበር፤ ይህን የመጨረሻውን ግን አልወደዱትም።

ወደዚያ አገር የሚያስገባው መንገድ ታዲያ በር አለው። ቪዛ ከመጠየቁ በፊት፣ ማዶ ያለ የሙያ ማኅበር ሰውየው በእርግጥ የሒሳብ ባለሙያ መሆኑን መመዘን አለበት። የኑሀ ዲግሪ ተመዘነና አለፈ። የእንግሊዝኛ ፈተናውንም አዲስ አበባ ተመላልሶ አለፈ፤ ይህ ውጤት ግን ዕድሜ አለው፣ ጥር ሲወጣ አይሠራም። የቀረው አሠሪው የሚሰጠው ማስረጃ ነበር። ኑሀ ምን ምን እንደሚሠራ ተዘርዝሮ፣ የቅርብ አለቃው ፈርሞበት መሄድ አለበት። ይህማ ቀላል ነው ብሎ ራሱ አረቀቀውና ለዋና ሥራ አስኪያጁ ለአቶ አላምረው ይዞላቸው ገባ።

አቶ አላምረው ሰው መጉዳት የማይወዱ ሰው ናቸው። ማኅተሙን ከኮት ኪሳቸው አውጥተው፣ እፍ እፍ ብለው ካሞቁት በኋላ ማንበብ ጀመሩ።

«‹ገቢና ወጪ ይመዘግባል› … ይመዘግባል። ‹ሒሳቡን ከባንክ ጋር ያስታርቃል› … ያስታርቃል፣ ልክ ነው። ‹የዓመቱን ሒሳብ ይዘጋል› …» መነጽራቸውን አወለቁ። «ኑሀ፣ ሁሉም ጥሩ ነው። እኛስ የት ነን?»

«እናንተ ማለት?»

«አመራሩ። አንተ ስትመዘግብ እኛ ምን ስናደርግ ነበር?»

ይህን ጥያቄ ኑሀ ራሱ ለዓመታት ሲጠይቅ ኖሮ መልስ ያላገኘለት ነው። አቶ አላምረውም ማኅተሙን ወደ ኪሳቸው መለሱት።

ነገሩ የአንድ ሰው ጉዳይ አለመሆኑ የታወቀው በማግሥቱ ነው። የውጭ ተቋም የዩኒየኑን ሠራተኛ ከመዘነ የተመዘነው ዩኒየኑ ነው፤ ዩኒየኑ ከተመዘነ ቆቦ ተመዘነች፤ ቆቦ ከተመዘነች ራያ በሙሉ ሚዛን ላይ ወጣ ማለት ነው። ስለዚህ የማስረጃ አርቃቂ ኮሚቴ ተቋቋመ። አቶ አላምረው ስብሰባውን የከፈቱት «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» በሚል ጥልቅ ንግግር ነበር። ሎሚውን እስከዛሬ ማን ተሸክሞት እንደቆየ ጊዜ ስለጠበበ አልተነሣም።

የግዥ ኃላፊው አብርሃም፣ ደረሰኝ የሚያመጣው የእሱ ክፍል ስለሆነ ምዝገባ የሚባለው ሥራ ግማሹ የግዥ መሆኑን አስረዳ። ደረሰኞቹ ወራት ዘግይተው፣ አንዳንዴም የሽንኩርት ልጣጭ ተጣብቆባቸው መምጣታቸው በቃለ ጉባኤው አልሰፈረም። የጥበቃ ክፍሉ ተወካይ ደግሞ በሩን እኛ ባንከፍት ኑሀ የት ገብቶ ይመዘግብ ነበር ሲል ጠየቀ። ከባድ ነጥብ ነውና ተያዘ።

ነገሩን ከሥሩ ያየችው ግን የሰው ኃይል ኃላፊዋ ጀዊሪያ ናት። በአገሩ ወግ የሩቅ ሰው ስለ አንድ ወንድ መጥቶ የሚጠይቀው ልጁን ሊድርለት ሲያስብ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ቀድሞ የሚነገረው የማን ልጅ እንደሆነ ነው፤ ሥራው ኋላ ይደርሳል።

«ወላሂ ይሄ ‹ሥራ፣ ሥራ› ብቻ የሚል ወረቀት ያሳፍራል» አለች። «ባሕር ተሻግረው ጠይቀውን ዘሩን ሳንነግራቸው? ወገን የሌለው ሰው ነው ይሉታል።»

እውነቷን ነው ተባለና የኑሀ ዘር እስከ ሰባት ቤት ተቆጠረ። በእናቱ ወደ ዋጃ፣ በአባቱ ወደ ጎብዬ ሲወጣና ሲወርድ፣ እስላምና ክርስቲያኑ የተጋባበት ወሎ ነውና፣ ስድስተኛው ቤት ላይ ከአቶ አላምረው ጋር ዘመድ ሆኖ ተገኘ። ሁለቱ ተነሥተው ተቃቀፉ። ስብሰባውም በዚህ የደስታ መንፈስ ተጠናቀቀ።

የተጻፈው ማስረጃ እንዲህ ይላል፦ «አቶ ኑሀ ከላይ ዘሩ ከተዘረዘረው ጨዋ ቤተሰብ የተወለደ፣ ታላቅ ሲያይ ከመቀመጫው የሚነሣ፣ ከሐዘንም ከሠርግም የማይጠፋ ሲሆን፣ በዩኒየኑ አመራር የቅርብ ክትትል፣ አቅጣጫ ሰጪነትና ያልተቋረጠ ድጋፍ፣ ከግዥና ከጥበቃ ክፍሎች ጋር በመቀናጀት፣ አመራሩ የሚያከናውነውን የሒሳብ ሥራ በማገዝ ላይ ይገኛል።»

ኑሀ ‹በማገዝ› የምትለዋ ቃል ትንሽ እንዳልጣመችው በትሕትና አሳወቀ።

«እሷ ትሕትና ናት» አሉት አቶ አላምረው። «ፈረንጅ ትሕትና ይወዳል። አብሽር።»

ኑሀ ከሰው መጋጨት አይሆንለትም። በዚያ ላይ ማኅተሙ አርፏል። ወረቀቱን ወልድያ ወስዶ አስተረጎመው፤ ተርጓሚውም ሐቀኛ ሰው ነበርና አንዲት ቃል ሳያጎድል ተረጎመለት፣ ጉዳቱም ከዚያ መጣ። ማታ ራዊያ አማርኛውን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«አንተን ፈልጌ አጣሁህ» አለችው። «ዘበኛው ግን አለ።»

ከሳምንታት በኋላ ማስረጃውን ለማጣራት ከማዶ ስልክ ተደወለ። አማርኛ የምትችል አስተርጓሚ መስመሩ ላይ አለች። አቶ አላምረው የስልኩን ድምፅ ከፍተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ኑሀ ፊት ለፊታቸው ተቀምጧል፤ ትንፍሽ እንዳይል ግን አስቀድመው አስጠንቅቀውታል።

«አቶ ኑሀን ያውቁታል?» አለች አስተርጓሚዋ።

«እንዴታ። ዘመዴ ነው።»

አስተርጓሚዋ ይህንኑ ለማዶዎቹ አስተላለፈች።

«ሥራው ምንድነው?»

«ምስጉን ነው። ቀና ብሎ ሰው አያይም።»

«የዓመቱን ሒሳብ የሚዘጋው ማነው?»

አቶ አላምረው ኑሀን አዩት። ኑሀ በዓይኑ ለመናቸው። እሳቸውም ዓይኑን አይተው ልጁ ስለ አመራሩ ክብር እየተማጸናቸው መሰላቸው።

«እኛ ነን» አሉ።

«እናንተ ማለት?»

«አመራሩ።»

መልሱ ብዙ አልቆየም። አመልካቹ የሒሳብ ሥራ እንደሚያግዝ እንጂ እንደሚሠራ አልተረጋገጠም፤ በቀረበው ማስረጃ መሠረት ሥራውን የሚያከናውነው የድርጅቱ አመራር ነው፤ ሌላ ማስረጃ ካለ ይግባኝ ማለት ይቻላል ይላል። ኑሀ የዚያን ዕለት ጃኬቱን ቢሮ ረስቶት ወጣ። ስንት ዓመት ዓይኑ እስኪቀላ የሠራው ሥራ በአንድ ገጽ ወረቀት ለሌላ ሰው ተሰጠ። ቤት ሲደርስ፣ ወሬው ቀድሞት ኖሮ፣ ራዊያ ለጎረቤት እየደወለች የሶፋ ዋጋ ስትጠይቅ ሰማት፤ ተስፋው ሙሉ በሙሉ የተቆረጠው ያኔ ነው።

አቶ አላምረው ግን ኑሀ ያሳያቸውን ደብዳቤ በሌላ ዓይን አዩት። አስተርጉመው፣ በመስተዋት ፍሬም አስገብተው መግቢያው ላይ ሰቀሉት። በዓመታዊው ጠቅላላ ጉባኤም በሰፊው ተናገሩበት። የዩኒየኑን የሒሳብ ሥራ የሚሠራው አመራሩ ራሱ መሆኑን ዓለም አቀፍ ተቋም አጣርቶ፣ ስልክ ደውሎ፣ በጽሑፍ መስክሯል፤ ይህም ለሌሎች ዩኒየኖች የሚሰፋ ምርጥ ተሞክሮ ነው አሉ። ጉባኤው ቆሞ አጨበጨበ። ሁለት በሬ፣ የእስላሙም የክርስቲያኑም ለየብቻ ታረደ። ወጪውን ኑሀ መዘገበ።

ሥጋው ገና ከጥርስ ሳይወጣ ኦዲተር መጣ። ሙሀመድሰይድ ይባላል። ሻይ የማይጠጣ፣ ቀልድ የማይገባው ደረቅ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ለኦዲተርነት እንጂ ለሌላ አይሆንም። መዝገቡን ሲመረምር ሁለት ነገር አገኘ። አንደኛው፣ አመራሩ ዋጋ እስኪወደድ ብሎ ያስቀመጠው ሽንኩርት መጋዘን ውስጥ መበስበሱ ነው። ሁለተኛው፣ አመራሩ ለሥልጠና እያለ የወሰደው ቅድመ ክፍያ እስከዛሬ አለመወራረዱ ነው። ኑሀ ሁለቱንም አንዳች ሳይደብቅ መዝግቧቸዋል።

አቶ አላምረው በጣም አዘኑ። ይህን ሁሉ አሁን ገና መስማታቸው እንደሆነ፣ የነገራቸውም ሰው እንዳልነበረ ለኦዲተሩ ገለጹ። ሙሀመድሰይድ በእስክሪብቶው መግቢያው ላይ የተሰቀለውን ፍሬም አመለከተ።

«እዚያ ላይ ሒሳቡን የምትሠሩት እናንተ ናችሁ ይላል» አለ። «ራሳችሁ እየሠራችሁት እንዴት አላወቃችሁም?»

ፍሬሙ በዚያው ቀን ወረደ። ኮሚቴውም በአስቸኳይ ተጠራ። በዚህ ስብሰባ ስለ ሎሚ ያነሣ ሰው አልነበረም። አብርሃም ሒሳብ የሚባል ነገር በአጠገቡ አልፎ እንደማያውቅ አስረዳ። የጥበቃ ተወካዩ ሥራው በር መክፈት ብቻ መሆኑን፣ እሱንም አንዳንድ ቀን ሰዎች ራሳቸው ከፍተው እንደሚገቡ ተናገረ። አመራሩ በአጠቃላይ ከደሙ ንጹሕ መሆኑን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ለኦዲተሩ እንዲጻፍ ያለ አንዳች ተቃውሞ ተወሰነ። አንድ ችግር ብቻ ነበር፤ ከሥራው ምን ምን እንዳልሠሩ ለመዘርዘር የሥራውን ስም የሚያውቅ ጠፋ። ኑሀ ተጠራ።

«በል አንድ በአንድ ንገረን» አሉት አቶ አላምረው። «የምትሠራውን ሁሉ። ምንም እንዳትተው።»

ኑሀ መጀመሪያ ፈራ። እዳው ሁሉ በእሱ ላይ ሊራገፍ መሆኑ ገብቶታል። ቀጥሎ ግን ጀዊሪያ እስክሪብቶ ይዛ ስትጠብቅ አየና ሌላ ነገር ገባው። ማዶ ያሉት ሰዎች የጠየቁትን በልቡ እያስታወሰ፣ ከዕለት ምዝገባው አንሥቶ ባንኩን፣ ደመወዙን፣ ግብሩን፣ የዓመቱን መዝጊያ ቀስ አድርጎ አስጻፋት።

«ይህን ሁሉ ማን ያግዝሃል?» አለች ጀዊሪያ።

«እንግዲህ አመራሩ በቅርብ ክትትል …»

«አመራሩን ተወው» አሉ አቶ አላምረው። «‹ብቻውን› በይ። ከሥሩም አስምሪበት።»

ጀዊሪያ ዘሩን ልጨምርበት ወይ ብላ ጠየቀች። አቶ አላምረው ዝምድናው ባይነሣ ይሻላል አሉ።

ማኅተሙ እፍ ሳይባል ተመታ። በሥርዓቱ መሠረት ደብዳቤ የሚመለከተው ሰው ግልባጭ ይደርሰዋልና አንዱ ማኅተም ያረፈበት ለኑሀ ተሰጠው። ሙሀመድሰይድ የእሱን አንብቦ አመሰገነ። መዝገቡን የሠራው ኑሀ መሆኑን ተቀበለ፣ ጥሩ መሠራቱንም ጨመረ፤ ሽንኩርቱ ይቀመጥ የሚለው ትእዛዝም ሆነ የቅድመ ክፍያው ፊርማ ግን የአመራሩ ስለሆነ መልሱን ከአመራሩ እንደሚጠብቅ ነግሯቸው ሄደ። ኑሀ ደግሞ ግልባጩን ይዞ ወልድያ፣ ወደዚያው ሐቀኛ ተርጓሚ በረረ።

ይግባኙ ደርሶ ከማዶ እንደገና ሲደወል አቶ አላምረው ከየት እንደሆነ ለማጣራት ልብ አልነበራቸውም። በዚያ ሰሞን የሚደወልላቸው ሁሉ ከኦዲት ነበር።

«የዓመቱን ሒሳብ የሚዘጋው ማነው?»

«ኑሀ።»

«አመራሩስ ድርሻ የለውም?»

«እኛ ቁጥር አናውቅም፣ እመቤት። በልጆቼ እምላለሁ።»

«ዘመድዎ ነው?»

«ኧረ በጣም ሩቅ ነው» አሉ አቶ አላምረው። «ስድስት ቤት አልፏል።»

ምዘናው ጥር ሳይገባ አለፈ፤ ቪዛውም ተከተለ። የራዊያ እናት ስለ ልጁ ነገር እንደገና መጠየቅ ጀመሩ፣ በዚህ ጊዜ እየሳቁ። ዩኒየኑ ለሽኝቱ ኮሚቴ አቋቁሞ አዳራሽ አዘጋጀ። አቶ አላምረው ባደረጉት ንግግር ይህ ውጤት የአንድ ግለሰብ አለመሆኑን፣ አመራሩ ወሳኝ በሆነ ሰዓት የሰጠው ወሳኝ ደብዳቤ ፍሬ መሆኑን አብራሩ። ከዚያ የመናገር ዕድሉ ለኑሀ ተሰጠ። ኑሀ ተነሣ፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰው ፊት ድምፁ አልተንቀጠቀጠም።

«ሐቁን መደበቅ አልችልም» አለ። «አመራሩ እንደዚያ ባይፈራ ኖሮ እኔ የሒሳብ ባለሙያ አልሆንም ነበር።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። አቶ አላምረው እንባቸውን ጠርገው፣ ይህ ምስክርነት ቃል በቃል በቃለ ጉባኤው እንዲሰፍር አዘዙ።