ሽማግሌ የተቀመጠባት ሱባሩ

አሮጌ ሱባሩ ያለው ሰው «ባለትዳር ነኝ» ቢላችሁ አትመኑት! ግፋ ቢል ቤት ውስጥ አንዲት ትዕግሥተኛ ምስክር አለችው። ትዳሩ ያለው ግቢ ውስጥ ነው… ኮፈኗን ከፍታ፣ ጎማዋን አውልቃ፣ በድንጋይ ተደግፋ።

ከራሴ ተነስቼ ነው የምናገረው። እዚሁ ደብረ ማርቆስ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ባለቤቴ ጥሩወርቅ ትባላለች፤ ሰላም ስንሆን ጥሩዬ እላታለሁ። ሱባሩዋ ግቢያችን ከገባች ሦስት ዓመት ሆናት። በዕድሜ ከተማሪዎቼ ሁሉ ትበልጣለች፤ በጠባይም ከብዙዎቹ ትሻላለች። አንድ ዓመል ብቻ አላት፤ ቶሎ ትግላለች። ቆላ ብንሆን አይገርመኝም ነበር… ጠዋት ጠዋት አፋችን እንፋሎት በሚተፋበት ደጋ ላይ ምን እንዲህ ያግላታል?

እኔም «ወንድ ልጅ መኪናውን ለሰው እጅ አይሰጥም» ብዬ ራሴ ልጠግናት ቆርጬ ተነሳሁ። (ለምን እንዳትሉኝ! ጋራዥ ወስጃት ቢሆን ይህን ወግ አታነቡም ነበር።) አስተማሪዬ ስልኬ ውስጥ ያለ አንድ ጢማም ሩሲያዊ ነው። በረዶ ላይ ተንበርክኮ ልክ የእኔን የመሰለች ሱባሩ ይፈታል። የሚያወራው በሩሲያኛ ነው፤ እኔ ደግሞ ከሚናገረው ሁሉ የሚገባኝ «ሱባሩ» የምትለዋ ቃል ብቻ ናት። ግን እጁን አያለሁ! እሱ ሲፈታ እፈታለሁ። እሱ ሲገጥም እገጥማለሁ… ሁለት ሦስት ብሎን ይተርፈኛል እንጂ። አንድ ቀን ራዲያተሩ ፊት ካርቶን ሲገትር አየሁና እኔም የብስኩት ካርቶን ገተርኩ። ካርቶኑ ሞተሩን ከበረዶ ለመከላከል መሆኑን የነገረኝ ፊዚክስ የሚያስተምር ባልደረባዬ ነው፤ ያውም ከሳምንት በኋላ።

ከጥገና አልፌም ማሻሻል ጀመርኩ። ለማሻሻያ ዕቃ ያስፈልጋል፤ ዕቃ ደግሞ ቤት ሞልቷል! የራዲያተሩ ማራገቢያ በራሱ ጊዜ አልነሳ ሲለኝ፣ እኔ በፈለግሁ ሰዓት የማስነሳበት ማብሪያ ማጥፊያ ዳሽቦርዱ ላይ ተከልኩለት። ማብሪያ ማጥፊያው የመኝታ ቤታችን ነበር። ከዚያ ወዲህ መብራት ማጥፋት ስንፈልግ አምፖሉን በጨርቅ ይዘን እንፈታዋለን። ምን ችግር አለው? ጥሩዬ ግን ችግር አለው ትላለች።

ይህ ሁሉ ሲሆን አንድ ነገር ደጋግማ ትነግረኝ ነበር። የምትቀመጠው ከጎኔ ነው። ዳገት ስንወጣ ድንገት ጎንበስ ትልና «ስማ እስቲ… እግሬ ሥር ውሃ ይንቦጫረቃል» ትለኛለች።

«ሬዲዮው ነው» እላታለሁ።

ሬዲዮው ከተበላሸ ሁለት ዓመት አልፎታል።

ባለፈው አምበር ከተማ ያለው ወንድሟ ሚስቱ ሴት ልጅ ወለደችለትና ጥሩዬን ክርስትና አንሺልን አሏት። እኛ ሁለት ወንዶች ብቻ ነው ያሉን። እሷ ሴት ልጅ ስትመኝ የኖረች ሰው ናት፤ ስለዚህ ሰማንያውን ቀን በጣቷ ቆጠረች ብላችሁ ውሸት አይደለም። ነጭ የአበሻ ቀሚስ አሰፋች። ለሕፃኗ ከቀሚሷ ጋር የሚሄድ ጥለት ያለው መታቀፊያ አሠራች። የክርስትናው ዕለት ገና ሳይነጋ ተነስተን ስንለባብስ፣ «ለዛሬ እንኳ በሚኒባስ እንሂድ» አለችኝ።

«መኪና እያለን?!» አልኳት።

ይቺን ቃል የምመልስበት መንገድ ቢኖር እስከዛሬ በተረፉኝ ብሎኖች ሁሉ እገዛት ነበር።

አምበር ለመድረስ ጥቂት ሲቀረን፣ ዳገቱ አጋማሽ ላይ ሱባሩዋ እንፋሎት ትተፋ ጀመር። ወርጄ ኮፈኗን ከፈትኩ። «አምስት ደቂቃ!» አልኳት። ጥቂት ቆይቼ ደግሞ «አምስት ደቂቃ!» አልኩ። ሦስተኛውን አምስት ደቂቃ ልጠይቅ ቀና ስል ጥሩዬ መንገድ ዳር ቆማ ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ አስቁማለች። ጋቢናው ሞልቶ ስለነበር፣ ነጭ ቀሚሷን ሰብስባ፣ መታቀፊያውን በብብቷ ይዛ ከሽንኩርቱ ጋር ወጣች። ዞራም አላየችኝም።

ጥምቀት ደግሞ እንደምታውቁት ከቅዳሴ በፊት ነው። ቄሶች ጠበቁ፣ ጠበቁና… ቅዳሴ ለሰው መኪና አይቆምም። ጥሩዬ ሳትደርስ የወንድሟ ጎረቤት ሕፃኗን አቀፈች፤ ክርስትናም አነሳች።

ሱባሩዋ በርዳልኝ ስደርስ ድግሱ ደርቷል። ጥሩዬ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ቀሚሷ ላይ የሽንኩርት ልጣጭ ተጣብቋል። መታቀፊያው እንደታጠፈ ጭኗ ላይ ነው። ልትጮህብኝ ነው ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም።

«ልጅ አሳጣኸኝ» አለችኝ።

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። አፈርኩ። የክርስትና ልጅ የዕድሜ ልክ ልጅ ናት፤ ነገ እናስተካክለው የሚባል ነገር የለውም። እዚያው ወንድሟ ቤት ቀረች። እኔ ብቻዬን፣ ሁለት ጊዜ ቆሜ ውሃ እየጨመርኩ ማርቆስ ገባሁ። በሳምንቱ መልእክት መጣ፤ «ወይ መኪናዋ ከግቢ ትውጣ፣ ወይ እኔ አልገባም። እሑድ ሽማግሌ ይቀመጥ።»

ሽማግሌ ተቀመጠ። በእኔ በኩል ጎረቤታችንን መሪጌታ ልሳኑን ጠራሁ፤ አንደበታቸው ይረዳኛል ብዬ። ሁለተኛ ጋሽ ደምሴን፤ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆኑ ለሱባሩዋ ያዝኑላታል ብዬ። (ብልጠቴን አያችሁ?) በእሷ በኩል የመጡት አጎቷ አያ ሙሉ ናቸው፤ አምበር አካባቢ የሚያርሱ፣ ቃል ከአፋቸው በልመና የሚወጣ ሰው። ከቅዳሴ መልስ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደረደሩ። ሱባሩዋ ፊት ለፊታቸው ቆማለች። እኔ ከጎኗ ቆምኩ፤ አብረን የተከሰስን ነው የምንመስለው።

መሪጌታ መርቀው ከከፈቱ በኋላ «ከሳሽ ትናገር» አሉ።

ጥሩዬ ስለ ክርስትናው ታወራለች ብዬ ስጠብቅ፣ ተነስታ ወደ መኪናዋ ሄደችና በመስኮቱ እጇን አስገባች።

«ይሄ ማብሪያ ማጥፊያ የመኝታ ቤቴ ነው» አለች። ኮፈኗን ከፈተች። «ይሄ ውሃ የሚተፋበት የዘይት ጀሪካኔ ነው። የጭስ ማውጫው ማርሚታ የተንጠለጠለበት ሽቦ የመጋረጃዬ ነው። ዝቅ ብላችሁ ብታዩ ደግሞ… ጭቃ እንዳይረጨው ከሥር የለበጠው የቡሃቃዬ ክዳን ነው።»

መሪጌታ ነጠላቸውን ሰብስበው ጎንበስ አሉ። ቀና ሲሉ ሳቅ እየታገላቸው ነበር።

«ልጄ፣ አንቺ ከቤትሽ መች ወጣሽ! ቤትሽ ነው እንጂ ወጥቶ እዚህ የገባው!»

ጋሽ ደምሴ «እስቲ አስነሳት» አሉኝ። አስነሳሁ። ጆሯቸውን አቅርበው ሲያዳምጡ ቆዩና ኮታቸውን አውልቀው ለአያ ሙሉ አሳቀፏቸው። በቃ፣ ሽምግልናው ወንበር ላይ ቀረ!

«የሱባሩ ሞተር እኮ ልዩ ነው» ይላሉ ለመሪጌታ እያስረዱ። «ተኝቶ ነው የሚሠራው። ፒስተኖቹ ግራና ቀኝ ነው የሚገፉ።»

«ተኝቶ እየሠራ ነው እንዲህ የሚያልበው?» አሉ መሪጌታ። ያዩት ግን ሞተሩን አልነበረም፤ እኔን ነው።

የሙቀት መለኪያዋ መርፌ ወደ ቀዩ መውጣት ስትጀምር ሞተሩን አጠፋሁ። ጋሽ ደምሴ ከሥሯ ተንጋለው ገቡና ከዚያው ሆነው ፈረዱ፤ «የቴስታታው ጋርኒሲዮን ተበልቷል! ሞተሩ ወርዶ ካልተከፈተ አይሆንም!» (የሞተሩ ክዳን ሥር ያለችው ማሸጊያ መሆኗ ነው።) ሞተር ማውረድ ማለት ሌላ ሦስት ዓመት ማለት ነው። ጥሩዬም ገባት መሰለኝ፣ ፊቷ ጠቆረ። ከዚያ ድንገት ወደ መኪናዋ ጠጋ አለች።

«ጋሽ ደምሴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ? ውሃ ሲንቦጫረቅ ምን ማለት ነው?»

የጋሽ ደምሴ ጭንቅላት ብቻ ከሥር ወጣ።

«የት ነው የሚንቦጫረቀው?»

«ከጎኑ ስቀመጥ እግሬ ሥር ነዋ። ከዳሽቦርዱ ኋላ። ዳገት ላይ ይብሳል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሦስት ዓመቱ።»

«ለሱ አልነገርሽውም?»

«ሬዲዮው ነው ይለኛል።»

ሁሉም ዞረው አዩኝ። አያ ሙሉ እንኳ!

«ጋርኒሲዮን አይደለም፣ አየር ነው!» አሉ ጋሽ ደምሴ ብድግ ብለው። «ቱቦው ውስጥ አየር ታፍኗል! አየር የዘጋበት ውሃ እንዴት ብሎ ይዙር? አንተ፣ ውሃ የምትሞላት የት ነው?»

«እዚሁ… እንደቆመች» አልኩ።

ጥሩዬ ግቢውን አየች። መኪናዋን አየች። ከክርስትናው ዕለት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሷ ታየ።

«ግቢያችን እኮ ቁልቁል ነው! አፍንጫዋን ወደ ታች ደፍቶ ነው የሚያጠጣት። ጀሪካን በአፉ ዘንበል አድርገው ቢሞሉት ይሞላል?»

መሪጌታ በዝግታ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ የምታስተምረው ምን ነበር?»

«ጂኦግራፊ፣ የኔታ።»

«ዳገትና ቁልቁለት የለበትም?»

«አለበት… ዘጠነኛ ክፍል ላይ።»

ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቅን። ከዚያ ሦስት ሽማግሌዎችና አንድ ተከሳሽ ነጠላና ጋቢያችንን አደግድገን ሱባሩዋን ገፍተን አዞርናት፤ አፍንጫዋ ወደ ላይ ሆነ። ጥሩዬ በጆግ ቀስ እያለች ውሃ ታንቆረቁራለች፤ ጋሽ ደምሴ ቱቦውን ጨመቅ ጨመቅ ያደርጋሉ። ቡልቅ! ቡልቅ! እያለ አየሩ ይወጣል። እኔ ሁልጊዜ «ጢም ብላለች» የምላት መኪና ስንት ጆግ እንደጠጣች አልነግራችሁም። አስነሳናት። አምስታችንም በመስኮቶቹ አንገታችንን አስገብተን መርፌዋ ላይ አፈጠጥን። መርፌዋ ወጣች፣ ወጣች… መሐል ላይ ቆመች። ቆመች! እኔ ዘልዬ ላቅፋት ስል ጥሩዬ ገለል አለች።

«ይቅር በይኝ» አልኳት።

«ስለ መኪናዋ ነው ስለ ልጅቱ?»

ስለ መኪናዋ ይቅርታ መጠየቅ ቀላል ነው። ያቺኛዋን በየትኛው መፍቻ እንደምፈታት ግን የሩሲያው ሰውዬም የሚያሳየኝ አይመስለኝም። ሦስት ዓመት ሙሉ ውሃውን ብሰማላት ኖሮ ዛሬ ሴት ልጅ ነበረን።

መሪጌታ ወንበራቸው ላይ ተመለሱና «እንግዲህ ፍርዱን አያ ሙሉ ይናገሩ» አሉ። አያ ሙሉ የጋሽ ደምሴን ኮት እንዳቀፉ ብድግ አሉ።

«መኪናይቱ ጥፋት የለባትም» አሉ። «ስትጮህ ነው የኖረች። ልጃችንም ስትጮህ ነው የኖረች። ያልሰማ አንድ ሰው ነው። ቁልፉን ለልጃችን ስጣት።»

ሰጠኋት። መንጃ ፈቃድ ያወጣነው አብረን ነው፤ እስከዛሬ መሪ ያልያዘችው እኔ «ሞተሩ ይስተካከልልሽና» እያልኩ ሳዘገያት ነው። ጥሩዬ ገባች። ጋሽ ደምሴ ጆሯቸውን አቁመው ከጎኗ ተሰየሙ። መሪጌታና አያ ሙሉ ከኋላ። አያ ሙሉን አምበር አድርሳ፣ በዚያው ሕፃኗን አይታ ልትመጣ ነው። እኔም የኋላውን በር ከፍቼ አንድ እግሬን ሳስገባ መሪጌታ በትራቸውን አስቀደሙ።

«አንተ ወዴት ነህ? የተፈረደው ለመኪናይቱ ነው።»

የግቢውን በር ከፈትኩላቸው። ሱባሩዋ ዳገቱን ያለ አንዳች እንፋሎት ወጥታ ታጠፈች። ጥሩዬ ደህና መድረሳቸውን በስልክ የነገረችው ለመሪጌታ ቤት ነው፤ እኔ ከመሪጌታ ቤት ሰማሁ። እንዲህ ነው እንግዲህ… ሽማግሌዎቹ ባለቤቴንና ሱባሩዋን አስታርቀዋል። የእኔ ጉዳይ ለሚመጣው እሑድ ተቀጥሯል።