ቨርዴሆ የጎደለው ዓሳ

አንድ ጊዜ ባሕር ተሻግሮ የተመለሰና ያችን አንዲት ጉዞ ዕድሜ ልኩን እየመነዘረ የሚኖር አጎት የሌለው የአዲስ አበባ ቤተሰብ የለም። አንዱ ከለንደን ጭጋግ አይወጣም፤ ሌላው ከጀርመን ባቡር አይወርድም። የብርነሽ ባል፣ ክቡር ጋሽ ወጋየሁ፣ የደረሳቸው ዕጣ ግን ወይን ነው። እሱም ነጭ፣ እሱም የስፔን፣ እሱም ቨርዴሆ ከሚባል ፍሬ የተጠመቀ ብቻ።

ከኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ጡረታ ሳይወጡ በፊት ለሥልጠና ማድሪድ ተልከው ነበር። ስለ ሥልጠናው ትንፍሽ ብለው አያውቁም። ቨርዴሆ ግን ጠጠር በበዛበት ደጋማ ሜዳ እንደሚበቅል፣ የቀኑ ሙቀት መዓዛውን እንዳያባርርበት በሌሊት እንደሚለቀም፣ ሲቀምሱት መጀመሪያ ሎሚ፣ ቀጥሎ የታጨደ ሣር፣ ከዚያ እንስላል እንስላል እንደሚል፣ በመጨረሻም ምላስ ላይ ቀጭን ምሬት ጥሎ እንደሚሄድ ሰፈራቸው ጎፋ ውስጥ ያልሰማ የለም። ባለሱቁ ሰምቷል፤ የዕድሩ ጡሩምባ ነፊ ሳይቀር ሰምቷል። «መጨረሻውን ጠብቁት» ይላሉ ጣታቸውን ቀስረው፤ «ምሬቱ ነው ቁም ነገሩ።»

ጠርሙሱ ራሱ በዓመት አንዴ ወደ ቤት ቢገባ ነው። ይህ ግን እኚህን ሊቀ ወይን ከማስተማር አላገዳቸውም። ቨርዴሆ ከጎመን ጋር ተስማምቶ ያድራል፤ ከዓሳ ጋር ወንድምና እህት ነው፤ ከቀይ ወጥ ጋር ግን በጭራሽ፣ በርበሬው ይገድለዋል። አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ንፍሮ ሲዞር ሽንብራውን አላምጠው አላምጠው፣ የሟች ስም እየተነሳ ሳለ፣ «ይኼ እንኳ ሳይስማማው አይቀርም» አሉ። ብርነሽ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች፤ ለቀስተኛው በሐዘን መስሎት አብሯት አለቀሰ።

ይህን ሁሉ ችላ ኖራለች። የዮኒ ነገር ሲመጣ ግን መቻሉ አበቃ። ዮኒ የሟች እህቷ ልጅ ነው፤ በጡጦ ያሳደገችው እሷ ናት። የወደዳት ልጅ ደግሞ ሶሬቲ፣ የለቡዋ ናት። አባቷ ኦቦ ሮበሌ፣ ኮንዶሚኒየሙ ሳይሠራ በፊት ቤተሰባቸው እዚያው ጤፍ ያርስ የነበረ፣ ዛሬ በቀረቻቸው ግቢ ላሞች የሚያልቡ፣ በጴንጤቆስጤ ቤተ ክርስቲያናቸው ደግሞ ሽማግሌ የሆኑ ሰው ናቸው። እቤታቸው የመጠጥ ስም አይነሳም። ለታላቋ ልጃቸው የመጡትን ሽማግሌዎች፣ አንደኛው ጠጅ ጠጅ ስለሸተቷቸው፣ ከደጅ መልሰዋቸዋል እየተባለ ይወራል።

ለዮኒ አባት ሆነው ሽማግሌዎቹን የሚመሩት እንግዲህ ጋሽ ወጋየሁ ናቸው። ብርነሽ አስማለቻቸው። «ብርኔ ትሙት፣ ስለ ወይን አንዲት ቃል አይወጣኝም» አሉ። የተማለባት እሷው ስለሆነች ብዙም አልተጽናናችም፤ ዓይኔን ከሳቸው አልነቅልም ብላ አብራ ሄደች።

የነቢያት ጾም ነበር። እንግዶቹ ቆመው ጉዳያቸውን ተናገሩ፤ ኦቦ ሮበሌም አዳምጠው፣ ተቀመጡ ከማለት አላለፉም። ምግብ ቀረበ። ጴንጤዎቹ ባለቤቶች ለጾመኛ እንግዶቻቸው ተጨንቀው፣ ዓሳ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለእንግዶቹ ትተው፣ ዓሳ ጠብሰዋል። ሽማግሌ ደግሞ ልጅቷን ሰጥተናል የሚል ቃል ሳይሰማ እህል አይቀምስም። ሁሉም እጃቸውን ሰብስበው ተቀመጡ።

ብርነሽ የባሏ አፍንጫ ሲከፈት አየች። ክርናቸውን ልትይዝ እጇን ስትሰድ፣ ጋሽ ወጋየሁ ከዓሳው ቆርሰው ጎርሰዋል። የሽማግሌዎች አባት ቃል ሳይቀበል ሲጎርስ በዕድሜዋ አይታ አታውቅም። ከዚህ የባሰ አይመጣም ስትል እሳቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ቨርዴሆ ጎድሎታል» አሉ።

ኦቦ ሮበሌ ምን እንደጎደለው በትሕትና ጠየቁ። ጋሽ ወጋየሁ በዚህ ነገር መዋሸት አይችሉበትም፤ ጠጠሩንም፣ ሌሊት መለቀሙንም፣ ሎሚውንም፣ እንስላሉንም ዘረዘሩ። ኦቦ ሮበሌ እንደ ገበሬ አዳመጡ፤ ስለ አፈሩ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቁ። ከዚያ ግን ድምፃቸው ቀዘቀዘ።

«ይጠጣል አይደል?»

«ይጠጣል።»

«እንግዲያው ልጄን በምን ማዕድ ላይ ልታስቀምጧት ነው የመጣችሁት?»

የጋሽ ወጋየሁ ፊት አመድ መሰለ። ያደረጉት ነገር ገና አሁን ገባቸው። ወደ ብርነሽ ዞረው አዩ፤ ያን ያህል ፈርተው አይታቸው አታውቅም።

«ሶሬቲ በተቀመጠችበት ማዕድ ወይን አይቀርብም» አሉ ቀስ ብለው። «ስሙም ከአፌ አይወጣም። ለዮኒ ስል።»

ብርነሽ ከሁሉም የበለጠ የደነገጠችው በዚህ ነው። ሐኪም ጨው ይተዉ ሲላቸው ሐኪም የቀየሩ ሰው ናቸው። እንባዋ መጣ፤ አልደበቀችውም።

ኦቦ ሮበሌ ወደ ባሏ ዞሩ። «ሽማግሌ ሁሉ አምሮበት፣ ተጠንቅቆ ነው እዚህ የሚመጣው» አሉ። «እርስዎ ነውርዎን እንኳ አልደበቁኝም። ለማይደብቅ ሰው ቤት ልጅ ቢሰጥ አያስፈራም። ሰጥተናል። አሁን ብሉ።»

ከገና በኋላ ሶሬቲ ለመጀመሪያ ጊዜ ጎፋ ለምሳ መጣች። ጋሽ ወጋየሁ ቃላቸውን ጠብቀው፣ ዶሮ ወጡ ፊታቸው እየጨሰ፣ አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ። ስለ ጎመን አላወሩም፤ ስለ ጠጠር አላነሱም። ብርነሽ በትዳሯ ዘመን ሁሉ የተመኘችው ዝምታ ይኸው መጣላት፤ ሲመጣ ግን ጨነቃት። ባሏ የታመሙ መሰላት። ያ ወሬ ባይኖር ይህ ቤት ምን ያህል ባዶ እንደሚሆን አላወቀችም ነበር።

ያኔ ጋሽ ወጋየሁ የውሃ ብርጭቋቸውን አነሱ። በመስኮቱ ብርሃን አዩት፤ አዟዟሩት፤ አሸተቱት፤ ጎንጨት አሉ።

«የአቃቂ ጉድጓድ ውሃ ነው» አሉ። «የለገዳዲው ግድብ እንዲህ አይከብድም። ይኼ ጥቁር ድንጋይ ድንጋይ ይላል፤ ኋላ ላይ ደግሞ ዝናብ የመታው አቧራ።»

ዮኒ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ብርነሽ በድንጋጤ ወደ ልጅቷ ዞረች። ሶሬቲ ከብርጭቆዋ ተጎንጭታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ውሃውን በአፏ ይዛ ትንሽ ቆየች። ዋጠችው።

«ጋሼ» አለች ከልቧ፣ «ከዶሮ ወጥ ጋር ይስማማል?»

ብርነሽ ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች፤ ጆጉን ውሃ እስከ አፉ ሞልታ አምጥታ ባሏ ፊት አስቀመጠችላቸው።