ዩኒክስን በዜማ

ከመጀመሪያው ካልተነሣ መካከሉ የማይመጣለት ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ቤት አለ። የሟቹ ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የወንድም ልጅ ዲያቆን ፍቅሬ፣ የኮምፒውተር ሥርዓት አስተዳዳሪ ለመሆን ዩኒክስ የሚባለውን ኮምፒውተር የሚመራ ፕሮግራም ያጠናል። የሚያጠናው ግን የቆሎ ተማሪ ሳለ ዳዊት በደገመበት መንገድ ነው፤ ቆሞ፣ እየተወዛወዘ፣ በዜማ። ፋይል የሚቀመጥባቸውን ፎልደሮች ስም በተራ ሲያወርድ ሳሎኔ ውስጥ ማኅሌት የተቆመ ይመስላል።

በቀደም የባለቤቴን የተቀዳ ድምፅ ከአሮጌው ስልኬ ወደ ላፕቶፑ ገለበጠልኝ። ስልኩ ከዚያ ወዲያ አልበራም። ወዲያው ደግሞ የከተማው መብራት ጠፋ።

«እትዬ፣ የላፕቶፑ ባትሪ እያለቀ ነው» አለ ፍቅሬ። «የት እንዳስቀመጥኩት ደግሞ አላስታውስም። ድምፁን ጊዜያዊው ፎልደር ውስጥ አስቀምጬው ከሆነ፣ ላፕቶፑ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።»

«ታዲያ ፈልገዋ።»

እያንዳንዱን ፎልደር ከመጀመሪያው በተራ እየከፈተ በዜማ ጀመረ። «ቢን፣ ቡት፣ ዴቭ...»

«ልጄ፣ በቀጥታ ከጊዜያዊው ብትጀምርስ?»

«ይዘበራረቅብኛል፤ አያቋርጡኝ።»

ነጠላዬን አጣፍቼ ቆምኩ። ቅዳሴ እንኳ እንዲህ በትጋት አስቀድሼ አላውቅም። ጊዜያዊው ፎልደር ላይ ሲደርስ አገኘው፤ ወደማይጠፋበት ቦታ አዛወረና ድምፁን ከፈተልኝ።

«ስሚ፣ እየቀዳሽኝ ነው እንዴ?» አለ ባለቤቴ ከላፕቶፑ ውስጥ።

«አዎ» አልኩት።