የሰርቨራችን ዘበኛ፣ ክቡር ጋሼ ገደብ

ሰርቨር የሚባለው ትልቅ ኮምፒውተር ባለበት መሥሪያ ቤት ሁሉ አንድ ቆንቋና አይጠፋም። ማሽኑን ከእናቱ የወረሰው ይመስል ይሰስትለታል።

የእኛው ክቡር ጋሼ ገደብ ይባላሉ። ስሙን ያወጣንላቸው እኛ ነን፤ እሳቸውም ሰምተው እንዳልሰሙ ሆነዋል። ሰርቨር ላይ አንድ ፕሮግራም በአንድ ጊዜ ስንት ፋይል ከፍቶ መያዝ እንደሚችል ወሰን ይቀመጥለታል። ወሰኑ ሲሞላ ማሽኑ "በጣም ብዙ ፋይል ተከፍቷል" ብሎ አሻፈረኝ ይላል። መፍትሔውን ፕሮግራም የምንጽፈው ሁሉ እናውቀዋለን፤ ወሰኑን ከፍ ማድረግ ነው። ከፍ የሚያደርጉት ግን ጋሼ ናቸው፣ ጋሼን ማሳመን ደግሞ የዋዛ አይደለም።

"የከፈታችሁትን ዘግታችኋል?" ይላሉ፣ ከወንበራቸው ሳይነሱ።

"ዘግተናል ጋሼ።"

"እስቲ ድጋሚ እዩት።"

የሚያናድደው፣ ድጋሚ ስናየው አንድ ያልተዘጋ አናጣም።

አንዷ ባልደረባችን ደፍራ "ለምን ያለ ገደብ አያደርጉልንም?" ብትላቸው፣ ዘር ማንዘራቸውን የሰደበች ይመስል ቀኑን ሙሉ አኮረፏት። ከኋላችን ቆመው ኮምፒውተራችን ላይ የከፈትናቸውን ገጾች እያዩ "ይሄን ሁሉ መቼ ልታነበው ነው?" ይላሉ። አንዴ እቤቴ ምሳ ጋብዣቸው፣ እጃቸውን ታጥበው ሲመለሱ በመንገዳቸው ያገኙትን ቁም ሳጥን፣ መሳቢያና የሻምፑ ክዳን ሳይቀር ዘጋግተው መጡ። ባለቤቴ "እንዴት ያሉ ጨዋ ሰው ናቸው" አለች። እኔ ምኑን ልንገራት።

በቅርቡ ደግሞ አንደኛ ክፍል የሚገቡ ልጆች ምዝገባ በእኛ ማሽን ላይ ይካሄድ ነበር። የመጨረሻው ቀን ደረሰ። እስከ ማታ ያልተመዘገበ ልጅ ዓመቱን ቤት ይውላል። እህቴም ለልጇ ስትሞክር ከጠዋት ጀምሮ ማሽኑ "በኋላ ይሞክሩ" እያለ ሲመልሳት ቆይቶ፣ እኩለ ቀን ላይ እንደምንም ገባላት። ከደስታዋ ብዛት ቅጹን እየሞላች ስልክ ላይ ይዛኝ ቀረች።

ሥራ አስኪያጁ እኛም ወደተሰበሰብንበት ጋሼ ክፍል ሲገባ ፊቱ ቀልቷል። "ወሰኑ ሞልቷል አሉ። ከፍ ያድርጉልን እንጂ!"

የተለመደውን ጥያቄ ጠበቅን። ጋሼ ግን አስቀድመው አይተውት ኖሯል። "ሳይዘጋ የተረሳ ፋይል የለም። ይሄ ሁሉ ሰው ነው" አሉ። በእኛ ሙያ ማሽኑ ጋ የገባ ሰው ሁሉ እንደ አንድ የተከፈተ ፋይል ይቆጠራል።

ወዲያው ትልቅ ቁጥር ጻፉ። ጠብ ያለ ነገር የለም። በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም ሲነሳ የተሰጠውን ወሰን ይዞ ነው የሚቀጥለው፤ አዲሱ የሚደርሰው ጠፍቶ እንደገና ሲነሳ ነው።

"ታዲያ አጥፍቶ ማስነሳት ነዋ" አለ ሥራ አስኪያጁ።

"ካጠፋሁት ውስጥ ያሉት ይወጣሉ። እንደገና ሊሰለፉ ነው።"

"ውጪ ያሉት ይበዛሉ። ያጥፉት።"

"አላጠፋም" አሉ ጋሼ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ።

እህቴ በስልኩ ሰምታለች። "ሊያጠፉት ነው እንዴ? ገና የልደት ቀኑን እየሞላሁ ነው እኮ" አለች።

ጋሼ መነጽራቸውን አስተካከሉ። ፕሮግራሙን ሳያስቆሙ እዚያው እየሠራ ወሰኑን ከፍ የሚያደርግ ትእዛዝ አለ። ከመመሪያው ላይ አንብበው አንድ በአንድ ጻፉት፤ ከዚያ ቁጥሩን እጥፍ አደረጉት፤ ትንሽ አሰቡና የእጥፉን እጥፍ። ሥራ ከገባሁ ጀምሮ ለማንም እንዲህ ሲሰጡ አይቼ አላውቅም። ደጅ የቀሩት መግባት ጀመሩ፣ ከውስጥ አንድም ሰው ሳይወጣ። ሥራ አስኪያጁም ወደ ቢሮው ተመለሰ።

እህቴ አሁንም "ምን ሆነ? ምን ሆነ?" ትላለች። ጋሼ ስልኩን ከእጄ ወሰዱት።

"ልጄ፣ አይዞሽ። ቀስ ብለሽ ሙዪ። ማንም አያስወጣሽም።"

ስልኩን ሲመልሱልኝ እህቴ እያለቀሰች ነበር። እኔም እኚህን ቆንቋና ሽማግሌ ምን ያህል እንደምወዳቸው ያወቅኩት ያኔ ነው።