ከአዲስ አበባ ላሊበላ አንድ ሰዓት

ሳይጠየቅ የመንገድ ሰዓት የሚናገር ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ሰቆጣ ውስጥ ያ ሰው እኔ ነኝ። አውሮፕላን ተሳፍሬ ባላውቅም የአየሩን ርቀት ሁሉ ከስልኬ እያወጣሁ አድላለሁ።

የጎረቤቴ የእማማ ብርዛፍ ልጅ ከአረብ አገር ስትመለስ፣ «ከአዲስ አበባ ላሊበላ በአየር አንድ ሰዓት ነው፤ ከዚያ በመኪና ተነሥታ እሁድ ለምሳ ትደርስልዎታለች» አልኳቸው። አምነውኝ ዶሮ አረዱ። እሁድ የለችም፣ ሰኞም የለችም፤ ስልኳም ዝግ ነው። እማማ በር በሩን ሲያዩ ዋሉ፤ እኔ በጓሮ መውጣት ጀመርኩ።

ማክሰኞ ልጅቱ ሆዷን ይዛ ከች አለች። ለካ ከላሊበላ ስትመጣ መንገድ ላይ ጋዝጊብላ ስትደርስ አክስቶቿ ከመኪና አውርደው፣ «ሳትቀምሺማ አታልፊም» እያሉ ሁለት ቀን ሙሉ ከቤት ቤት ሲያዞሯት ነበር።

እማማ እሷን እንዳቀፉ ወደ እኔ ዞሩ። «ስልክህስ አልዋሸም ልጄ፤ ሰማይ ላይ አክስት የላትም።»